ከክንፏ ጠርዝ የቆጠርሁት አንድ ረድፍ

ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ ዓይኔ ደብዳቤው የደረሰው አይመስለኝም። ጠዋት ስነቃ የመስኮቱን መጋረጃ ቀዳዳ ሲቆጥር አገኘዋለሁ። ሚኒባስ ስሳፈር ከፊቴ የተቀመጠችውን ሴት የነጠላ ጥለት ክር በክር ይለቅማል። ልጄ ሐያት «እማ፣ ሰው ላይ አታፍጪ፤ ይታዘቡሻል» እያለች በክርኗ ትጎስመኛለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ለማፍጠጥ ደመወዝ ሲከፈለው የኖረ ሰው በአንድ ቀን ዓይኑን ምን ያድርገው?

ሥራዬ ተባይ መለየት ነበር። እንዲህ ስል ብዙ ሰው መድኃኒት የምረጭ ይመስለዋል። አልረጭም። አንድ ገበሬ ማሳው ላይ የማያውቀውን ነገር ሲያይ፣ የወረዳው ባለሙያ ነፍሳቱን ለቅሞ አልኮል ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ይከትና ጎንደር ወደ እኛ ክፍል ይልካል። እኛ በማይክሮስኮፕ አይተን «ይህ የእንትን ወገን ነው» ብለን በወረቀት እንመልሳለን። ወገን የምንለው ዘመዳሞቹን ዝርያዎች አንድ ላይ የሚይዘውን ስም ነው። ወገኑ ከታወቀ ምን እንደሚበላ፣ ይዛመት እንደሆነ፣ ሊፈራ ይገባው እንደሆነ ይታወቃል። ከወረቀቱ በኋላ የሚሆነውን ግን እኛ አናይም። ይህን ያኔ እንደ ዕድል እቆጥረው ነበር።

ከተባዮቹ ሁሉ የእኔ ድርሻ ዳንቴሌዎቹ ነበሩ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው በክፍላችን ነው። በባዶ ዓይን ስትታይ ዳንቴሌ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ፣ ከቅጠል ሥር ተለጥፋ የተክሉን ውኃ የምትመጥ ግራጫ ጉድፍ ናት። ጉድፍ መስላው በእጁ የሚያራግፋት ሰው አይፈረድበትም። ማይክሮስኮፕ ሥር ስትገባ ግን ጀርባዋም ክንፏም ዳንቴል ነው። አጥንት የመሰሉ ቀጫጭን ዘንጎች ተጋጥመው ትናንሽ ቀዳዳዎች ሠርተዋል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ መስተዋት በመሰለ ስስ ነገር ተሸፍኗል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ አንዱ መስኮት ይበራል፤ ጎረቤቱ ይጠፋል። ትንሽ ዞር ስታደርጋት የጠፋው ይበራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየኋት ቀን ምሳ አልበላሁም። በእነዚያ መስኮቶች መካከል የምመላለስ፣ ጣሪያው ሁሉ መስተዋት በሆነ ባዶ ከተማ ውስጥ ማንም ሳያየኝ የምዞር መስሎኝ ነበር። ከማራኪ ወደ ፒያሳ የሚወርዱት ሚኒባሶች ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማኛል፤ ድምፃቸው ግን ከሌላ ሰው ሕይወት የሚመጣ ነበር። ቀና ስል ፀሐይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተሻግራለች። ሻዬ በርዷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ብዙ ከሰዓቶች እንዲህ አልፈውብኛል፤ የት እንደሄዱ ብትጠይቁኝ እዚያው ክንፉ ላይ ናቸው እላለሁ።

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ እናቴና አክስቶቼ ዳንቴል ይሠሩ ነበር። ሲጫወቱ፣ ሲሳሳቁ፣ ሰው ሲያሙ እንኳ ጣታቸው ይቆጥራል። አክስቴ ሩቅያ የሰው ቤት ገብታ የሶፋውን ልብስ ከሩቅ እያየች «ይኼ የእኛ ሰፈር ሥራ አይደለም፤ ጠርዙ ላይ አንድ ረድፍ ይበዛዋል» ትል ነበር፤ ተሳስታም አታውቅም። በእኛ ቤት ረድፉ ከተለየ ሥራው የሌላ ሴት ነው፤ አለቀ። ይህን ከፊደል በፊት ነው የተማርሁት። ለዓመታት ሲያኮራኝ ኖሯል፤ ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያ ምደባዬ ትክል ድንጋይ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ሥራዬ መረብ ይዞ ማሳ ለማሳ መዞር፣ ያገኙትን ነፍሳት መልቀም፣ መቁጠር፣ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሳት ግን ይቀፉት ስለነበር ጠርሙሶቼን በጋዜጣ ጠቅልዬ እንዳስገባ ለምኖኛል። የገበያ ቀን መረቤን ተሸክሜ ሳልፍ ሴቶቹ ይጠብቁኛል።

«ምነው እቴ፣ ቢራቢሮ ለማን ልትሸጪ ነው?»

«ለመንግሥት» እላለሁ።

«መንግሥት ይኼን በልቶ ይጠግባል?»

እስቃለሁ፤ አልፋለሁ። ደመወዙን አታንሱብኝ እንጂ ደስተኛ ነበርሁ። አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ዳንቴሌ አገኘሁና መጽሐፍ አገላብጬ ስሟን ጽፌ ወደ ጎንደር ላክሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእርሳስ የተጻፈ መልስ መጣ፦ «ስሟን ጽፈሻል። እሾኋን ግን አልጻፍሽም። ራሷ ላይ ስንት እሾህ አላት?» ራሷን አላየሁትም ነበር። እንደገና ለቀምሁ፣ በማጉያ መነጽር ቆጠርሁ፣ አምስት ብዬ ጻፍሁ። በሌላ ሳምንት ሌላ ወረቀት መጣ፦ «አምስት ከሆነ ስሙ ያልሽው አይደለም። ዓይንሽ ግን ሸጋ ነው።» ከዚያ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ወደ ጎንደር ተዛወርሁ፤ ጠይቀው ያዛወሩኝ ያ የእርሳስ ጽሕፈት ባለቤት መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ።

ጋሽ አድማሱ ይባላሉ። የተባይ መለያው ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ከትከሻቸው አንድ ቁጥር የሚሰፋ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ገብተው ስለነበር ሲሠሩ ዜማ ያንጎራጉራሉ። ዜማው ከቆመ አንድ ነገር አይተዋል ማለት ነው፤ ያኔ ክፍሉ ውስጥ ማንም ወንበር አይጎትትም። ረመዳን ሲገባ የሻይ ብርጭቆአቸውን ይዘው ኮሪደር ይወጣሉ። «ግድ የለም ጋሽ፣ እዚሁ ይጠጡ» ብላቸው «እኔስ ነፋስ ፈልጌ ነው» ይላሉ። ወሩ ሲያልቅ ነፋሱም ያልቃል።

የጋሽ አድማሱ አሠራር ክፍላችንን የሚጎበኙ ሰዎች ሁሉ የሚስቁበት ነበር። ከእያንዳንዷ ነፍሳት ጋር ከየት እንደተገኘችና ምን ተክል ላይ እንደነበረች የሚናገር ቁራጭ ወረቀት ይመጣል። እርሳቸው ማይክሮስኮፑን ከመክፈታቸው በፊት ከአሮጌ ፖስታ በቆረጧት ወረቀት ያንን ጽሑፍ ይሸፍኑታል። ሸፋኞቹን በክብሪት ቀፎ ያጠራቅሟቸዋል፤ ማንም እንዲነካባቸው አይወዱም። አንድ ጊዜ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

«አገሯንና ምግቧን አስቀድመሽ ካወቅሽ፣ ዓይንሽ እሷን ማየት ይተውና ያወቅሽውን ያይልሻል» አሉኝ።

ከዚያ ይስላሉ። ሳይስሉ ስም አይጠሩም። ሥዕሉ የሚጀምረው ከራስ ነው፦ መጀመሪያ የራስ እሾሆቹ፣ ከዚያ አራቱ የአንቴና አንጓዎች፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚረዝም በነጠብጣብ እየለኩ። ቀጥሎ ከሆድ በኩል ገልብጠው መምጠጫዋ የሚተኛበትን ቦይ፣ ወደ ጀርባ መልሰው ራሷን እንደ ቆብ የሚከልለውን ጉብታ፣ ሦስቱን ሸንተረሮች፣ የትከሻዋን ጠርዝና ጠርዙ ላይ የቆሙትን ፀጉሮች። ክንፍ መጨረሻ ነው። እኔ ደግሞ ነፍሴ ክንፉ ላይ ስለሆነች ሰርቄ አስቀድሜ እቆጥረዋለሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እንኳ ያውቃሉ።

«የሩቅያ የወንድም ልጅ ክንፉ ጋ ደረሰች?» ይላሉ።

«ገና አንቴና ላይ ነኝ ጋሽ።»

«አንቴና ሲቆጠር እንዲህ አያንሾካሹኩም።»

ከሳቃቸው ይልቅ ትዕግሥታቸው ነበር የሚያሳፍረኝ። ወረንጦ እንዴት እንደሚያዝ ሲያስተምሩኝ አንድ ሙሉ ሳምንት የጤፍ ፍሬ ከሳህን ወደ ሳህን አስመላልሰውኛል። የተቀጠቀጠች የጤፍ ፍሬ ካገኙ በጣታቸው አንስተው መስኮቱ ላይ ለወፍ ያስቀምጣሉ። ቀና ብዬ ወፎቹ ሲወፍሩ ሳይ የጥፋቴን መጠን አውቅ ነበር።

እንግዲህ ወደማይቀረው ልምጣ። አንድ ዓመት ጋሽ አድማሱ የዓይን ሞራ ሊያስወግዱ አዲስ አበባ ሄዱ። ክፍሉን ለእኔ ነው የተዉልኝ። የሸፋኝ ወረቀቶቻቸውን ቀፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ ነው የወጡት። በዚያው ሰሞን ከተራራዋ ከተማ ከመካነ ብርሃን አንድ ጠርሙስ መጣ። ጽሑፉ «ጦስኝ፤ የወይዘሮ ዘርፌ ጓሮ፤ ቅጠሉ ነጥቷል» ይላል። ጦስኝ ከተራራ ላይ የሚለቀም ተክል ነው እንጂ በጓሮ ሲተከል ሰምቼ ስለማላውቅ ገረመኝ። ገርሞኝ ሳነብ ሳነብ ሸፋኟን ወረቀት ረሳኋት። ረሳኋት ማለት እንኳ ራሴን ማባበል ነው። ቀፎው ፊቴ ነበር። ጋሽ አድማሱ የሉም፣ እኔ ደግሞ ያለ ሸፋኝም የማይ ትልቅ ባለሙያ ሆኛለሁ ብዬ ነው።

በዚያን ጊዜ ከውጭ አገር አዲስ ተባይ ይገባል የሚል ወሬ በየስብሰባው ነበር። የመሥሪያ ቤቱ አዲስ አለቃ ፈጣን መልስ የሚወድ ሰው ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ብቅ ይላል።

«ሰዓዳ፣ የነፍሳቷ መልስ ዛሬ ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አልሁት።

ጦስኝ ላይ የምትኖር ዳንቴሌ ከዚያ በፊት መሳቢያችን ውስጥ ነበረች። የእኛዋ ክንፈ አጭር፣ ትከሻዋ የተደላደለ፣ የክንፏ ጠርዝ ሁለት ረድፍ ቀዳዳ ያለው ናት። ከአዲሱ ጠርሙስ ከላይ የተንሳፈፉትን ሦስቱን አወጣሁ። ክንፋቸው ረጅም፣ ትከሻቸው ያበጠ ነው። ጠርዙን ቆጠርሁ። ሦስት ረድፍ። አራት ጊዜ ደጋግሜ ቆጠርሁ። ሦስት። የአክስቴ ሩቅያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። አንድ ረድፍ ከበዛ የሌላ ሴት ሥራ ነው። ትከሻው ደግሞ ሁለተኛ ማስረጃ ሆነልኝ። ራሱን አልሳልሁም፤ ቦዩን አልገለበጥሁም። «በአካባቢው ከዚህ በፊት ያልታየ ወገን ነው። ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠል» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ማታ አክስቴ ቤት ሄጄ «አንድ ረድፍ በዛባት» ብዬ ስነግራት በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቅ ዛሬ ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

ጋሽ አድማሱ በአምስተኛው ሳምንት ጥቁር መነጽር አድርገው ተመለሱ። አመስግነው፣ ሁላችንን አቅፈው ሲያበቁ በሌሉበት የመጣውን ሁሉ ጠየቁ። ጠርሙሱን በኩራት አቀረብሁላቸው። ጽሑፉን በሸፋኝ ጋረዱት፤ ከዚያ እኔ ያላደረግሁትን አደረጉ፤ ጠርሙሱን ሳህን ላይ ገለበጡት። ዜማው ጀመረ። ከሰዓት ላይ ቆመ። በነጋታውም አልጀመረም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ጠረጴዛቸው ጠሩኝ። ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጠዋል፤ ከአንገት በታች ያለውን በሁለቱም ላይ በወረቀት ሸፍነውታል። የሚታየው ራስና አንቴና ብቻ ነው።

«አዲሷ የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

አየሁ። እሾሆቹ አምስት አምስት ናቸው። ሦስተኛው አንጓ በሁለቱም እኩል ይረዝማል። ፀጉሮቹ ያው ናቸው። 

«አላውቅም ጋሽ።»

«እኔም አላውቅም። አንዲት ወገን፣ አንዲት ዝርያ ናት። እነዚህ የሚበሩት ናቸው፤ የእኛዎቹ የማይበሩት። ክንፍ ሲረዝም የሚያንቀሳቅሰው ሥጋ ትከሻ ውስጥ ቦታ ይፈልጋል፤ ትከሻው ያብጣል፤ ክንፉም ሲሰፋ ረድፍ ይጨምራል። ሦስቱን እንደ ሦስት ምስክር ቆጠርሽ። አንድ ምስክር ነው፤ ሦስት ጊዜ የተናገረ።» ወደ ሳህኑ ጠቆሙኝ። «ጠርሙሱ ሥር የሰመጡትን አይተሻቸዋል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሥር ክንፈ አጭሮቹ ነበሩ፤ ከረጅሞቹ ጋር ከአንድ ቀንበጥ የተለቀሙ። ሲያድጉ ያወለቁት ቅርፊትም ተቀላቅሎ ነበር። 

«ወረቀቱ ሄዷል?» አሉኝ።

«ሄዷል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። የታከመው ዓይን ቀልቶ ያነባ ነበር፤ ከሕክምናው ነው ወይስ ከእኔ ነው፣ አላወቅሁም። «ሂጂና ንገሪያቸው» አሉ። «በደብዳቤ አይደለም። በአፍሽ።»

ወደ ወረዳው ስደውል ባለሙያው «ያኔውኑ እኮ ተቃጠለ፤ ጥሩ ሥራ ነው የሠራችሁት» አለኝ። ለአለቃችን ነገርሁት። «የነደደ ነገር ነው፤ አሁን ሄደሽ ሰው ብታስለቅሺ ምን ይገኛል?» አለና የጻፍሁትን ማረሚያ ፋይል ውስጥ ከተተው። እኔም ፋይሉ ሲዘጋ እፎይ አልሁ። እውነቱ ይህ ነው። ክረምት ነው አልሁ፣ ሐያት ሕፃን ናት አልሁ፣ መንገዱ አይመችም አልሁ። ፈርቼ ነው። በቁጥሬ ታምኜ የሰው ጓሮ አስነቅዬ፣ ያቺን ሴት ዓይኗን ማየት አልቻልሁም።

ጋሽ አድማሱ ሁለተኛ አልጠየቁኝም። በማግሥቱም፣ በሚቀጥለውም ወር ልክ እንደ ድሮው «እንዴት አደርሽ» ይሉኝ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጡረታ ወጥተው ሲሄዱ የክብሪት ቀፎውን አልሰጡኝም፤ ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ፤ ላንሳው ወይም ልተወው ለእኔ ጣሉት። አነሣሁት። ጥቂት ዓመት ቆይተው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ነበርን፤ እያንዳንዱ ስለ ትዕግሥታቸው ሲያወራ እኔ ከኋላ ቆሜ አዳመጥሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠርቻለሁ። አለቆች መጡ ሄዱ። ሰንጠረዣቸው ተቀየረ፣ ማኅተማቸው ተቀየረ። ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች አስተምሬ አውጥቻለሁ፤ ሸፋኝ ወረቀት ሳይቆርጡ ማይክሮስኮፕ አይነኩም። አንዲትም ነፍሳት ከራሷ ሳልጀምር አልሰየምሁም። ግን በነዚያ ረጃጅም ከሰዓቶች፣ ያ የመስተዋት ከተማ ውስጥ ስዞር፣ አንዳንዴ ጦስኝ ይሸተኛል። ቀና ብዬ መስኮቱን እዘጋለሁ። ሽታው ከውጭ እንዳልሆነ እያወቅሁ እዘጋለሁ። ቤቴ ጦስኝ ሻይ አይፈላም፤ ሐያት እስካሁን ጨጓራዬን ስለማይስማማኝ ይመስላታል።

ዘንድሮ የስንብቴ ቀን የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሰዓት ለማይቸኩል ሰው መስጠት የመሥሪያ ቤት ወግ ነው። ሲጨበጨብልኝ ቆሜ ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያቺ ሴት በሕይወት አለች? ለሐያት ሁሉንም ነገርኋት። ትስቅብኛለች ወይም ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «መቼ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ ብቻ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተን በደባርቅ በኩል ተሳፈርሁ።

ያ መንገድ ከደመና በላይ ይሄዳል። መኪናው ጉም ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፤ ሲወጣ ሌላ አገር ነው። ጊበራው፣ ያ እንደ ምሰሶ የሚቆም የደጋ ተክል፣ በየገደሉ አፍ ላይ ብቻውን ቆሟል። ከጎኔ የተቀመጡት ገበያተኞች ይተኛሉ፣ ይነቃሉ፣ ስለ በግ ዋጋ ያወራሉ፣ መልሰው ይተኛሉ። እኔ ግን የምለውን አዘጋጅ ነበር። ረጅም፣ የተከበረ መግቢያ ያለው ንግግር ነው። መካነ ብርሃን ስደርስ መግቢያውን ሸምድጄዋለሁ።

የወይዘሮ ዘርፌን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ደጃፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ባለቤቷ አያ ጓዴ ናቸው።

«እንዴት ዋሉ አያ።»

«እግዜር ይመስገን። ደህና ገባሽ? ከወዴት ነሽ ልጄ?»

«ከጎንደር ነኝ፤ ሰዓዳ እባላለሁ። ያን ጊዜ ጦስኙ ይቃጠል ብዬ ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ።» መግቢያው ሁሉ ጠፋብኝ።

አያ ጓዴ ቀጥ አሉ። ዱላቸውን ያዙ።

«ምነው፣ የቀረ ተገኘ እንዴ? የለም! ሥሩን ሳይቀር ነቅያለሁ። ባለሙያው ቆሞ አይቷል።»

ከዚያ ጉዞ ሁሉ ልቤን የሰበረው ይህ ነው። ልቀጣቸው የመጣሁ መስሏቸዋል። «የቀረ አልተገኘም አያ። ተሳስቼ ነበር ልልዎ ነው የመጣሁት» አልሁ። ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። የልጃቸውን ሚስት ጠርተው ሻይ አስቀረቡልኝ። ልጅቱ ብርጭቆውን እየሰጠችኝ «ባዶ ሻይ ነው፤ ጦስኝ የለንም» ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

«ዘርፌስ?» አልሁ ቀስ ብዬ። ወይዘሮ ማለት እንኳ አልመጣልኝም።

«ዐርፋለች። ሦስት ዓመቷ።» ከዚያ ሳልጠይቃቸው ያወሩልኝ ጀመር። «ከተራራው በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለለች ነው ያመጣችው። ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ መደብ። ተራራው ላይ ሊያልቅ ነው፣ እዚህ ላቆየው ትለኝ ነበር። ሳል የያዘው፣ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚመጣ። ወረቀቱ የመጣ ቀን እምቢ አለች። ይህችን ተባይ አውቃታለሁ አለች። ሁለት ልብስ አላት፣ አጭርና ረጅም፤ ሁለቱም ከአንድ ቀንበጥ ሲወጡ አይቻለሁ፤ ዝናቡ ሲመጣ ትተወዋለች አለች፤ ጠርሙሱን ሲሞላ ለባለሙያውም ይህንኑ ነግራዋለች። እኔ ምን አልኋት? አንቺ ማን ነሽ አልኋት። እነሱ በመነጽር አይተውታል አልኋት። መደቡ ፊት እጇን ዘርግታ ቆመች። እኔ ነኝ እጇን ይዤ ገለል ያደረግኋት።» እጃቸውን አይተው ጉልበታቸው ላይ መለሱት። «አገሩ ሁሉ ሦስት ቀን ጦስኝ ጦስኝ ሸተተ። ከዚያ ወዲያ ጓሮ አልወጣችም። አንድ ቀንም አላነሣችብኝ።»

ሴትዮዋ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዋለች። ጋሽ አድማሱ ሁለት ቀን የፈጀባቸውን ተንበርክካ አይታዋለች፤ ባለሙያውም ነግራው አልጻፈውም፤ እኔም ብታገኘኝ አልሰማትም ነበር። ይህን ስረዳ ብርጭቆዬን መሬት አስቀመጥሁ።

«አያ፣ ልክ ነበረች» አልሁ።

«ማን?»

«ወይዘሮ ዘርፌ። ሁለት ወገን ናቸው ያልኋቸው አንዲት ወገን ናቸው። እሷ እንዳለችው ነው፤ ሁለት ልብስ ነው ያላት። ባይነቀል ክረምቱ ያጠራው ነበር።»

አያ ጓዴ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ተነሽ» አሉ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል። ለእሷ ንገሪያት።»

ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም፤ በእርሳቸው እርምጃ ግን ብዙ ሄድን። ጉም ከገደሉ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ቅጥሩ ጋ ስንደርስ ልግባ አልግባ ብዬ ቆም አልሁ። ሻሼን አይተው የማስበውን አወቁ።

«ከዚህ ካቡ ሥር ናት» አሉ። «ከውጭ ሆነሽ ትናገሪያለሽ።»

ድንጋዩ ፊት ቆምሁ። ለሙት ተናግሬ አላውቅም፤ የማውቀው ዱዓ ማድረግ ነው፤ እሱንም በልቤ አደረግሁ። ከዚያ ለሰው እንደሚናገሩት ተናገርሁ።

«ወይዘሮ ዘርፌ፣ ሰዓዳ ነኝ፤ ወረቀቱን የጻፍሁት። ተባይዋ አንዲት ናት፤ ሁለት ልብስ አላት። እርስዎ ልክ ነበሩ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ጦስኝዎ ምንም አላጠፋም።»

ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ጉሙ ዋጠው። አያ ጓዴ መዳፋቸውን ካቡ ላይ ለጥፈው ጆሯቸውን ወደ ድንጋዩ ሰጥተው ቆመዋል። ሳይዞሩ ተናገሩኝ።

«ድገሚላት» አሉ። «ጆሮዋ ይከብዳት ነበር።»

ጮክ ብዬ ደገምሁላት።